ያምናው ቅርንጫፍ

ለምወድህ ዋርሳዬ፤

ሰላምታዬ ኮረብታውን ተሻግሮ ደጅህ ይድረስ። እንደምን ከረምክ? ጉልበትህ የዘንድሮን ብርድ ቻለው ወይስ እንደ አምናው ደረጃ መሀል አስቀመጠህ? ላሞችህስ? ያቺ ባልዲ የምትረግጠው ቀይ ላም አሁንም አለች ወይስ ገላገለችህ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምህም አለ። «አለ» ስልህ እንደ ኅዳሩ ማለቴ አይደለም። ይበላል፣ ይቆጣል፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ያጉረመርማል። ትናንት ጠዋትማ የአየር ትንበያ የሚያነበውን ሰውዬ ተሳደበ። ተመስገን ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ይህ ደብዳቤ ከአንድ እሽግ ጋር ይደርስሃል። አደራህን፣ እሽጉን መጀመሪያ እንዳትከፍተው! አውቅሃለሁ እኮ፤ ይኼኔ ቢላህን አውጥተህ ገመዱ ላይ ደርሰሃል። መልሰው። ቁጭ በል፣ መነጽርህን አድርግ፣ መጀመሪያ እኔን ስማኝ።

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬን ተቀበለኝ። በኅዳር ክላይቭ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ያደረግክልኝን እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ አላልኩህም። በየማታው ያንን ወተት ወተት የሚሸት መኪናህን በሩ ላይ አቁመህ ትጠብቀኝ ነበር። ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ አንተ አንገትህን ወደ መስታወቱ አስግገህ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቤቴ ድረስ ታደርሰኝ ነበር። ወደ እሱ ክፍል ግን አልገባህም። ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ኮፍያህን በእጅህ እያዞርክ ነርሶቹን «ያ የጥጉ አልጋ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ትላቸው ነበር አሉ፤ ስሙን እንኳ ሳትጠራ። አንዷ ነርስ «ያ ኮሪደር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ማነው? ፖሊስ ነው እንዴ?» ብትለኝ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቄ አመለጠኝ። ወንድሙ ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን አይገባም?» አለች። ምን ልበላት? ስለ አንዲት እሾሃም የጉስቤሪ ቁጥቋጦ ነው ብላት እኔንም አልጋ ያስይዙኝ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ «የአባባን ኮፍያ አሁንም በሩ ጀርባ ነው የሚሰቅለው?» አልከኝ። አዎ፣ ማንም አይነካውም አልኩህ። ያ ጥያቄህ ግን ብርዱን ወራት ሙሉ አብሮኝ ከረመ።

ጥር ላይ በራችን ሥር ተደርድሮ ያገኘሁትን የተፈለጠ እንጨትም አመሰግናለሁ። ማን እንዳመጣው አላየሁም፤ መኪና ሲሄድ ብቻ ሰማሁ። ለክላይቭ የጎረቤታችን የሂልዳ ልጅ ነው ያመጣልን አልኩት። እሱ ግን ከምድጃው አጠገብ አንዱን ፍልጥ በግራ እጁ አንስቶ ገልበጥ፣ መለስ እያደረገ የመጥረቢያውን ምት ሲመለከት ብዙ ቆየ። በሸለቆው ውስጥ በግራ እጁ መጥረቢያ የሚያነሳ ከአንተ ሌላ ስንት ሰው አለ? ፍልጡን ወደ እሳቱ አልጨመረውም። እስከ ዛሬ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል፤ ስጠርግ አንስቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

መቼም የናንተን ነገር አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግን ሆዴ ውስጥ ብዙ ስለቆየ እኔም አንድ ጊዜ ልናገረው። አባታችሁ ያቺን ቁጥቋጦ ከዘር አብቅሎ፣ አሳድጎ፣ በእናታችሁ ስም ዶርካስ ብሎ ሲጠራት በዚህ አገር እንደ እሷ የሚያፈራ አልነበረም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ወደ ፀሐይ ሲያነሱት ደም ሥሩ የሚታይ ጉስቤሪ! አባታችሁ ሲሞት ጓሮውም ዶርካስም ለታላቁ፣ ለክላይቭ ደረሱ። አንተ የለመንከው አንድ ቅርንጫፍ ነበር፤ ወስደህ በራስህ ጓሮ የምትተክለው አንድ ለጋ ቅርንጫፍ። እሱ ደግሞ «መጀመሪያ በነሐሴው የትልቅ ፍሬ ውድድር፣ ሚዛን ላይ አሸንፈኝ» አለህ። አንተም አልቻልክም፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፍሬው እየተመዘነ፣ «እናታችንን ሚዛን ላይ አውጥተህ ትፎክርባታለህ!» አልከው። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንተ ከኮረብታው ማዶ፣ እሱ ከኮረብታው ወዲህ። በሠርግ ብትገናኙ ጀርባና ጀርባ፣ በቀብር ብትገናኙ ጀርባና ጀርባ። ሁለት ሽበታም ሰዎች! አያሳፍርም?

ዶርካስ ግን አርጅታለች። ግንዷ ከሥሩ ተሰንጥቋል፤ አምና አንድ ጎኗ ቅጠል ሳያወጣ ቀረ። እሷን የመሰለች በዓለም ላይ ሌላ የለችም። ቅርንጫፏ ሌላ ቦታ ካልተተከለ አንድ ክፉ ውርጭ ይዟት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እናንተም የምትጣሉበት እንኳ አይኖራችሁም። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ደግሞ ክላይቭ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አልነሳ አለ። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል። አፉም «አይ» እና «ተይኝ» ከማለት በቀር አልፈታ አለ። ነርስ ጆይስ በየሳምንቱ እየመጣች የላስቲክ ኳስ ታስይዘዋለች፣ እሱ ይጥለዋል፣ ድመቷ ይዛው ትሄዳለች። ጆይስ በሩ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እጁ አልሞተም፤ ሰውዬው ነው ተስፋ የቆረጠው» አለችኝ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ደፈር ብዬ ጠየቅኩት። ዶርካስ ምን ልትሆን ነው? ለምን ለወንድምህ አንድ ቅርንጫፍ አንልክለትም? አልኩት። ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ ቃሉ እየተናነቀው፣ «አብራኝ... ትሂድ» አለ። ሰማህ? አብራኝ ትሂድ! እናታችሁን ሁለተኛ ሊቀብራት። ማድቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለእሱ ብቻ አይደለም ያለቀስኩት፤ ለአንተም፣ ለእሷም ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ ዓይኔን ሳብስ ልቤ ቁርጥ ያለ ነገር ወስኖ አገኘሁት። ምን እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ።

ይኸውልህ መጋቢት ገባ። ደረተ ቀዮቹ ወፎች ከእምቡጡ ድርሻቸውን በልተው ጠገቡ። እናንተ መከርከሙን እስከ መጋቢት የምታቆዩት ለእነሱ ብላችሁ አይደል? እነሱ ካጠፉት የተረፈውን አይታችሁ እንድትቆርጡ። ዘንድሮም በልተው ሄዱ፣ የተረፉት የእምቡጥ ዓይኖች አበጡ፣ አረንጓዴ ብቅ አለባቸው፣ መቀስ የያዘ ሰው ግን የለም። አንድ ሳምንት ቢያልፍ ቅጠል ሊያወጡ ነው። የጉስቤሪ ማኅበራችሁ ሊቀመንበር ፐርሲ በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር የጓሯችንን ስድስት ቁጥቋጦ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

ማክሰኞ ዝናቡ ሲያባራ የክላይቭን መቀስ ከመጋዘን አወጣሁ፣ ወፍራም ጓንት አጠለቅኩ። ብርሃን ያግኝ ብዬ መጋረጃውን እስከ ጥጉ ከፈትኩለት። ከስድስቱ መጀመሪያ ዶርካስን ያዝኩ፤ ለምን እሷን ብትለኝ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለችው እሷ ስለሆነች ነው።

እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኔ ድርሻ ሻይ ማቅረብና፣ በሐምሌ ዝናብ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ እንዳይፈነዳ በየቁጥቋጦው ላይ ጃንጥላ ማሰር ነበር። መቀሱን አስነክቶኝ አያውቅም። እናቴ ቤት ጉስቤሪ የምንከረክመው ለማርማላታ ነው፤ ያምናውን ለጋ ቅርንጫፍ ሁሉ ከሥሩ ታነሳዋለህ፣ ከአሮጌው ላይ ትንንሹ ፍሬ ይንዠረገጋል፣ ድስቱ ይሞላል፣ አለቀ። እኔም ዶርካስን እንደዚያው አደረግኳት። ያንን ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ልጣጩ የሚያበራ ለጋ ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁት። ቸኩዬም አልነበረም፤ እሱ እንዲያይ ቀና እያልኩ... ማለቴ ወገቤን እያሳረፍኩ ነው የሠራሁት።

ከዚያማ መስኮቱ ተደበደበ! ዞር ስል ክላይቭ ቆሟል። ቆሟል ነው የምልህ! በግራ እጁ ዱላውን ይዞ መስታወቱን ሊሰብር ደርሷል። ሮጬ መስኮቱን ከፈትኩት። «አንቺ!» አለ። «አንቺ ሴትዮ! ለማርማላታ ነው እንዴ የምትከረክሚያት? ያምናውን... ያምናውን ነው እኮ የጣልሽው! ትልቁ ፍሬ የት ሊወጣልሽ ነው? አናትሽ ላይ?»

ከኅዳር ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ነገር ይህ ነው። ቃሉ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ስድቡ ግን ጥርት ያለ ነው። እኔ እዚያው እሾሁ መሀል ቁጭ አልኩ፣ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ። ድገመው! አልኩት። ደገመው! በሁለተኛው ላይ እናቴንም ጨመረባት። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ እሱን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም ነበር፤ የዚያን ቀን ብትሰማው ግን እሷም እልል ትል ነበር።

ሂልዳ ጎረቤቴ በግንቡ ላይ አንገቷን አውጥታ «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም፣ ክላይቭ እየሰደበኝ ነው አልኳት። «እውነት? ክላይቭ? በገዛ አፉ?» ብላ ልብስ ማስጣቷን ትታ ወደ መንደር ወረደች። ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ሸለቆው ሁሉ ሁለት ወሬ ሰማ፦ ክላይቭ ተናገረ፣ ሚስቱ ዶርካስን አበላሸቻት። የትኛው ይበልጥ እንዳስደነገጣቸው አልነግርህም፤ ሰዎችህን ታውቃቸዋለህ። አንዷማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችኝ አሉ። ትበል። እኔ የብብቴን አልጣልኩም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ማን ያስቀምጠው! «ካፖርቴን አምጪ» አለ። ደግፌ አወጣሁት፣ የማድቤቱን ወንበር ጭቃው ላይ አስቀመጥኩለት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። የቀሩትን አምስቱን እሱ እየጮኸ እኔ እየቆረጥኩ ሠራናቸው። «እሱን ተይው! ወደ ውጭ የሚያየውን ዓይን ፈልጊ፣ ከሱ ከፍ ብለሽ ቁረጪ! አይ፣ አሮጌውን ነው ያልኩሽ፣ ጥቁሩን! ለጋውን ብትነኪ ይህ ዱላ ጀርባሽ ላይ ነው!» እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ እላለሁ። አንዳንዴ ጩኸቱ ሳይደርስ እጄ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ቶሎ ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ዞርኩ።

ስንጨርስ የአባታችሁ ኮፍያ ይምጣ አለ። መቼም እናንተ በመሀሉ ኮፍያ ተወርውሮ እሾህ ሳይዘው ካላለፈ ቁጥቋጦው ተከርክሟል አትሉም። አምጥቼ ሰጠሁት። በግራ እጁ አነሳውና ቆም አለ። ከዚያ ወደ ቀኙ አዛወረው። ጣቶቹ አልጨብጥ አሉ። ኮፍያው ወደቀ፣ አነሳሁለት፤ ወደቀ፣ አነሳሁለት። እኔ ወፍ የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ሲታገል ማየት አልቻልኩም። በመጨረሻ ወረወረው። መጀመሪያ የወረወረው ወደ ዶርካስ ነበር። እሷ መሀል ምን ተርፎ ይይዘዋል? ኮፍያው ንፋስ እንደያዘው አልፎ ሂልዳ ግንብ ሥር ወደቀ። «በዚህ በኩልማ በግ ከነግልገሏ ታልፋለች» አለና ሳቀ። ሳቀ! የጆይስ ኳስ ይህን ሁሉ ወር ያላደረገውን ያ የአባታችሁ ላብ የጠገበ አሮጌ ኮፍያ አደረገው። በአምስቱም ላይ እየደጋገመ ወረወረው፣ እኔ እየሮጥኩ አነሳሁ። ወገቤ የታመመው ያኔ ነው። ይታመም!

ታዲያ ሲደክመው «የተቆረጠውን አቃጥይው» አለኝ። የውድድር ሰዎች ልማዳችሁ አይደል፤ እንጨታችሁ በሌላ ሰው ጓሮ ሥር ከሚሰድ አመድ ይሁን ትላላችሁ፣ ያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ። የአምስቱን አቃጠልኩ። የዶርካስን ግን እሳቱ እንቢ አለኝ፤ ለጋ ስለሆነ ይሁን ክብሪቱ እርጥበት ይዞት እንጃ። ሜዳ ላይ ብተወው ደግሞ እሾሁ ድመቷን ይወጋብኛል ብዬ፣ ሰብስቤ መጋዘን ውስጥ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቆምኩት። ለድመቷ ብዬ ነው። ክላይቭ «አቃጠልሽው?» አለኝ። እሳቱን አላየህም? አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም።

ዓርብ ዕለት ፐርሲ ሊጠይቀው መጣ። መጀመሪያ ወደ ዶርካስ ሄዶ ኮፍያውን አወለቀላት፤ እንደ ሬሳ። «ይህን ያደረገው ጠላት ነው ሚስት?» አለ። ክላይቭ ከወንበሩ ላይ «ሁለቱም» አለው። ተሳሳቁ። ከዚያ ፐርሲ የቀሩትን አምስቱን ዞሮ አየ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ቁራጭ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እነዚህንስ ማን ከረከማቸው አለ። እሱ ጮኸ፣ እኔ ሰማሁ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እንዴት ያለ ጥሩ ጆሮ አለሽ» አለ። ሻዩ ፈላ ብዬ ገባሁ።

ሲሄድ ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ፐርሲ «ዘንድሮ እንግዲህ ዶርካስ ነሐሴ ላይ አትመዘንም» ሲለው ክላይቭ «ትረፍ» አለ። «ብዙ ጊዜ ሚዛን ላይ ወጥታለች። ትረፍ።» አንተ ሚዛኑ አጠገብ የተናገርከው ነገር ይህን ሁሉ ዓመት ጆሮው ውስጥ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ክላይቭ! ክላይቭ! ብዬ ጓሮ ስወጣ ጭቃው ላይ የአንድ እግር ዳናና የዱላ ቀዳዳ እስከ መጋዘኑ ሄዶ ተመልሷል። የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሏል። ባልዲው ባዶ ነው። የዶርካስ ለጋዎች ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ከታች በኩል ከዓይን ሥር ቀጥ ብሎ፣ ከላይ ሰያፍ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ለተከላ የሚቆረጠውን ታውቀዋለህ፣ አባታችሁ እንዳስተማራችሁ። የታችኞቹ ዓይኖች በሙሉ ተለቅመው ተነስተዋል። የአባታችሁ ዓይነት ንጹህ ቁርጥ ግን አይደለም። አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ነው የተቆረጠው፤ መቀሱ እየሳተ። ጠረጴዛው ላይ የደም ጠብታ አለ።

ስገባ ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ይዟል፣ ገልብጦ። ምሳ አቀረብኩ። ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው በታች ደብቆታል፤ አውራ ጣቱ እሾህ በእሾህ ሆኗል። ሥጋውን ቆረጥኩለት፣ ምንም አልጠየቅኩትም። እሱ ደግሞ ድንቹን በሹካ እያገላበጠ «ድመቷ ባልዲውን ገልብጣዋለች» አለኝ። ድመት ናት፣ ምን ይደረግ? አልኩት። ሁለታችንም ወደ ሳህናችን አየን። ዋርሳዬ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ያን ቀን እንደበላሁት ያለ ምሳ በልቼ አላውቅም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ አሮጌ ጆንያ አርጥቤ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ። ፐርሲ ነገ ወደ ኮረብታው ማዶ ይሄዳል፣ የምትልከው ነገር ካለ አልኩና ወጣሁ። ስመለስ ታስሯል። በአንድ እጅና በጥርስ የታሰረ ቋጠሮ ስለሆነ ብትበጥሰው አላዝንብህም፤ ግን ብትፈታው ደስ ይለኛል። እሱ ለግድግዳው መናገር ጀመረ። «ለማን እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። ግን የአንዳንዱ ሰው ጓሮ ጭቃ ነው። ውኃ ያቁርባቸዋል። አሸዋ ይቀላቅልበት። ሁልጊዜ ችኩል ነው፣ ከተተከሉ በኋላ ሥር ያዙ አልያዙ እያለ እየነቀለ እንዳያያቸው።» ይህን ይስማ ያለው ግድግዳው መሆን አለበት፤ እኔ ግን ሰምቼ ጻፍኩልህ። ልጅ ሳለህ እየነቀልክ ታይ ነበር እንዴ?

ሌላም አለ። ከበሩ ጀርባ ያለው ማንጠልጠያ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። ቤቱን ሁሉ ፈልጌ ኮፍያውን አጣሁት። እሽጉም መሀሉ ላይ ቅርንጫፍ ብቻ ለያዘ እሽግ ትንሽ ወፈር ብሎብኛል። አልከፈትኩትም። አንተ ክፈተው፤ አሁን ተፈቅዶልሃል። ፐርሲን ምን እንዳመጣልህ እንዳትነግረው፤ ቢያውቅ ኖሮ መንገድ ላይ አንዷን ለራሱ ባስቀረ ነበር።

ሥር ሲይዙ፣ ለነሐሴው ውድድር አይደለም፣ እንዲሁ ሻይ ለመጠጣት ና። በሩን ማንኳኳት አያስፈልግህም። እሱ ከመስኮቱ ሥር ስለሚቀመጥ ከሩቅ ያይሃል፤ ይሰድብሃልም። ስድቡ ሲጀምር ግባ፣ ደህና ነው ማለት ነው። ኮፍያውንም ይዘህ ና፤ ከአንተ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ አንተ ይመላለስ እንጂ ከእንግዲህ ማንጠልጠያ ላይ አይረፍ።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅህ። በመጪው መጋቢት መቀስ ስታነሳ ያምናውን ቅርንጫፍ እንዳትነካብኝ። አሮጌውን፣ ጥቁሩን አንሳ፤ ለጋውን ተው። ትልቁ ፍሬ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ለጋው የሚቆረጠው ለሌላ ሰው ሊሰጥ የታሰበ እንደሆነ ብቻ ነው። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየመጋቢቱ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ከጎኑ ቆሜ ስሰማው ኖሬያለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ላሞችህን ይባርክልህ፣ በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ የነዳኸውን መንገድ በብርሃን ይመልስልህ። የተከልከው ይጽደቅልህ። ሁለታችሁንም በአንድ ጓሮ ሳያሳየኝ አይውሰደኝ።

ከማርማላታ በቀር ምንም የማታውቀው
የወንድምህ ሚስት